ጎማው ሲቆም ማን ይከፍላል?

ዋልማርት በኤፕሪል 2022 አዲስ የሚቀጥራቸው የከባድ መኪና ሹፌሮች በመጀመሪያው ዓመት ከ95 ሺህ እስከ 110 ሺህ ዶላር እንደሚያገኙ አስታወቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የኩባንያው አዲስ ሹፌር በአማካይ የሚያገኘው 87,500 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባሰባሰበው መረጃ፣ በመላ አገሪቱ ከባድ ተሳቢ ከሚነዱት ሰዎች ግማሹ 50 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላለትም ነበር። በ2024 መካከለኛው ገቢ ከፍ ብሎ 57,440 ዶላር ደርሷል። መንጃ ፈቃዱ አንድ ነው፤ አውራ ጎዳናው አንድ ነው፤ መኪናውም ያው ባለ 18 ጎማ ነው። ገቢው ግን በእጥፍ ያህል ይራራቃል።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በዳላስ፣ በሲያትል፣ በላስ ቬጋስ፣ በዴንቨር፣ በሚኒያፖሊስ፣ በኮሎምበስ የሚኖር ሐበሻ ታክሲውንና የፓርኪንግ ሥራውን ትቶ ወደ ከባድ መኪና ከዞረ ሰነባብቷል። አንዱ ኩባንያ ተቀጥሮ ይነዳል፤ አንዱ ያገለገለ መኪና ገዝቶ በራሱ ስም ጭነት ያነሳል፤ ሌላው የዘመዱን መኪና በፐርሰንት ይሠራል። የሚጭኑት ዕቃ በአብዛኛው መጨረሻው አንድ ቦታ ነው፤ የትላልቅ ቸርቻሪዎች መጋዘን። ስለዚህ የዋልማርት፣ የአማዞን፣ የክሮገርና የመሰሎቻቸው አሠራር በደመወዝ መዝገባቸው ላይ ስሙ ያልሰፈረውን ሹፌር ኑሮ ጭምር ይወስናል።

ልዩነቱ ከየት መጣ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ዋልማርት ሀብታም ስለሆነ» የሚል ነው። ይህ አያሳምነኝም። ሀብታም ሆነው ለሹፌር የማይከፍሉ ቸርቻሪዎች ሞልተዋል። መንዳት በሁሉም ዘንድ ይከፈላል። ጥሩውን ሥራ ከመጥፎው የሚለየው ጎማው በማይዞርበት ሰዓት የሚጠፋው ጊዜ በማን ኪሳራ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። የክፍያውን አሠራር፣ የፍርድ ቤት ክርክሩን፣ አደጋውንና የመጋዘን በሩን ውሎ አንድ በአንድ ስናይ ወደዚሁ ጥያቄ እንመለሳለን።

በአሜሪካ ረጅም መንገድ የሚሠራ ሹፌር በተለምዶ የሚከፈለው በማይል ነው። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በማይል 55 ሳንቲም የተዋዋለ ሰው በሳምንት 2,500 ማይል ቢነዳ 1,375 ዶላር ያገኛል። ሲሰሙት ደህና ገንዘብ ነው። ነገር ግን መኪናውን ሲፈትሽ፣ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ግቢ ውስጥ ተሳቢ ሲፈልግ፣ በመጋዘን በር ሲጠብቅ የሄደው ጊዜ ተደምሮ ሳምንቱ 70 ሰዓት ከሆነ፣ በሰዓት የሚደርሰው 20 ዶላር አይሞላም። አንድ መጋዘን ላይ ያለ ክፍያ 4 ሰዓት ቢቆም ደግሞ ሊነዳው ይችል የነበረ 220 ማይል ያህል ያመልጠዋል፤ 121 ዶላር መሆኑ ነው። አንዳንዱ ኩባንያ የሚከፍለው መኪናው በቆጠረው ማይል እንኳ አይደለም፤ በካርታ በተሰላ አጭር ርቀት ነው። ሹፌሩ በተጨባጭ የነዳው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

ሕጉም ከዚህ አያድነውም። በ1938 የወጣው የአሜሪካ የሥራ ሕግ ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲደነግግ፣ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት የሚሻገሩ የጭነት ሹፌሮችን ከዚህ መብት አስቀርቷቸዋል። የሥራ ሰዓታቸውን የሚቆጣጠር ሌላ የፌዴራል አካል አለ ተብሎ ነበር። ያኔ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ከ1935 ጀምሮ የጭነት ታሪፍ በመንግሥት ይተመን ስለነበር ኩባንያዎቹ በዋጋ አይገዳደሉም ነበር፤ የሹፌሮቹ የሠራተኛ ማኅበር ቲምስተርስም ብርቱ ነበር። የማኅበሩ መሪ ጂሚ ሆፋ በ1964 መቶ ሺዎችን በአንድ ብሔራዊ ውል ሥር ማሰባሰብ ችሏል። በጁላይ 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የታሪፍ ቁጥጥሩን ያነሳውን ሕግ ፈረሙ። መኪና ያለው ሁሉ ገበያው ውስጥ ገባ፤ የጭነት ዋጋ ወረደ፤ ቸርቻሪዎች ዕቃቸውን በርካሽ ማጓጓዝ ቻሉ። የቅናሹን ዕዳ በአብዛኛው የከፈለው ሹፌሩ ነው። ራሱ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረው ኢኮኖሚስቱ ማይክል ቤልዘር ይህን የቁልቁለት ጉዞ በ2000 ባሳተመው ስዌትሾፕስ ኦን ዊልስ በተባለ መጽሐፉ በዝርዝር አሳይቷል።

ታዲያ ዋልማርት ለምን ከዚህ ገበያ ወጥቶ ይከፍላል? በ2022 ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ የራሱ ሹፌሮች ነበሩት። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ከገበያው ሥራ በዓይነቱ ይለያል። ጭነቱ የታወቀ ነው፤ ከማከፋፈያ መጋዘን ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ተመልሶ ወደ መጋዘን። ሱቁ ጋ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ተሳቢ ፈትቶ አስቀምጦ ባዶውን ቀጥሎ ይሄዳል፤ እስኪራገፍ አይጠብቅም። ክፍያው ከማይሉ በተጨማሪ በየተግባሩ ይታሰባል። የሚነሳበት ቀንና የሚመለስበት ቀን ይታወቃል። ኩባንያው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 21 ቀን የሚደርስ የሚከፈልበት ፈቃድ እንደሚሰጥም ያስተዋውቃል። በመኪና ጉዞ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ትልቁን ቦታ የሚሰጠው ለዚህ መርሐ ግብር እንጂ ለገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም። በልጁ ልደት ቀን የት እንደሚውል ከወር በፊት ማወቅ በዚህ ሙያ ብርቅ ነው።

ለቸርቻሪውም ኪሳራ አይደለም። የዋልማርት ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ከቤንተንቪል ብዙ በማትርቀው የአርካንሳስ ከተማ በሎውል የሚገኘው የማጓጓዣ ኩባንያ ጄ.ቢ. ሃንት ይህን በ1990ዎቹ አጋማሽ ሞክሮት ነበር። የሹፌሮቹን ክፍያ በአንድ ሦስተኛ ያህል አሳድጎ ልምድ ያላቸውን ብቻ መቅጠር ጀመረ። ሥራ እየለቀቀ የሚሄደው ሰው በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ አደጋውም ወረደ። ሹፌር በየወሩ መቅጠር፣ ማሠልጠን፣ አደጋ ሲደርስ ካሳ መክፈል ገንዘብ ይበላል። በትላልቅ የረጅም መንገድ ኩባንያዎች ለብዙ ዓመታት በዓመት ውስጥ የሚለቀው ሹፌር ቁጥር ከጠቅላላው ሹፌር ብዛት 90 ከመቶና ከዚያም በላይ ሲሆን ኖሯል። የቸርቻሪዎችና የአምራቾች የራሳቸው ቋሚ የመኪና ክፍል ግን ከዚያ ጥቂቱን ያህል ብቻ ነው የሚያጣው።

እዚህ ላይ ብዙም የማይነሳ ነገር አለ። ዋልማርት ከውጭ ሲቀጥር ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ 30 ወር የሙሉ ጊዜ ልምድና ንጹሕ የመንዳት መዝገብ ይጠይቃል። ይህ ልምድ የሚገኘው የት ነው? አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣን ልጅ በዝቅተኛ ክፍያ ወስደው ለሳምንታት ከቤት በሚያርቁት በእነዚያው ኩባንያዎች ዘንድ ነው። ጥሩው ሥራ የቆመው በመጥፎው ሥራ ዓመታት ላይ ነው። በሙያው መጽናት ያልቻለው፣ አደጋ የደረሰበት፣ ጤናው የተቃወሰው በዚያ ወንፊት ተጣርቶ ይቀራል፤ ቸርቻሪው የተጣራውን ይቀበላል። በዚያው በ2022 ዋልማርት የራሱን የመጋዘን ሠራተኞች በ12 ሳምንት አሠልጥኖ ሹፌር የሚያደርግ ፕሮግራም በሸርማን ቴክሳስና በዶቨር ደላዌር መጀመሩ ከማንኛውም የደመወዝ ማስታወቂያ የበለጠ ዋጋ ያለው እርምጃ ይመስለኛል። ወንፊቱን በራሱ ወጪ ተሸከመው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ በተከበረው ሥራ ውስጥም የቆመ ጎማ ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም። በ2008 የካሊፎርኒያ የዋልማርት ሹፌሮች ኩባንያቸውን ከሰሱ። በኋላ ከ800 በላይ ሰዎችን የወከለው ይህ ክስ ስለ ማይል ክፍያ ማነስ አልነበረም። መኪና ከመነሳቱ በፊትና ከጉዞ በኋላ የሚደረገው ፍተሻ፣ የ10 ደቂቃ ዕረፍት፣ ሕግ የሚያስገድደው የ10 ሰዓት የሌሊት ቆይታ፤ እነዚህ አልተከፈሉንም ነው ያሉት። ኩባንያው ለአንድ የሌሊት ቆይታ 42 ዶላር ይሰጥ ነበር። በመመሪያው መሠረት ደግሞ ሹፌሩ ያንን ሌሊት ቤቱ ሄዶ ለማደር ቢፈልግ አስቀድሞ የአለቃውን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት።

የክርክሩ እምብርት ይህ ፈቃድ ነው። ዋልማርት «ሰውየው ተኝቷል፤ ሥራ ላይ አይደለም፤ 42 ዶላሩም ለድካሙ የታሰበ ተጨማሪ ነው» አለ። ሹፌሮቹ «ቤቴ ልደር ብዬ ማስፈቀድ ካለብኝ ሌሊቱ የእኔ አይደለም» አሉ። በ2016 በሳን ፍራንሲስኮ የተቀመጠው ጁሪ ሹፌሮቹ ያነሱትን ነጥብ ሁሉ ባይቀበልም ስለ ፍተሻው፣ ስለ ዕረፍቱና ስለ ሌሊቱ ፈረደላቸው። ካሳው ከ54 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ትልቁ ድርሻ የሌሊቱ ቆይታ ነበር። በጃንዋሪ 2020 የ9ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አጸናው። የካሊፎርኒያ ሕግ እያንዳንዱ የሥራ ሰዓት በራሱ ቢያንስ ዝቅተኛው ደመወዝ ሊከፈልበት ይገባል ይላል፤ የአንዱን ሰዓት ትርፍ ወስዶ የሌላውን ጉድለት መሸፈን አይቻልም። በቀሩት አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ግን የሳምንቱ ድምር ለሰዓቱ ተካፍሎ ከዝቅተኛው ደመወዝ ካልወረደ ነገሩ አበቃ። በገበያው ከፍተኛውን ከሚከፍሉት አንዱ የሆነ ኩባንያ በዚህ መሸነፉ ብዙ ይናገራል፤ ትልቅ ድምር ስለተከፈለ እያንዳንዱ ሰዓት ተከፍሏል ማለት እንዳልሆነ በፍርድ ተረጋገጠ።

የማይቆጠር ሰዓት ደግሞ ከገንዘብ ያለፈ ነገር ያስከፍላል። በጁን 2014 በኒው ጀርሲ ተርንፓይክ አንድ የዋልማርት ከባድ መኪና የኮሜዲያኑን የትሬሲ ሞርጋንን መኪና ከኋላ ገጭቶ ጄምስ ማክኔር የተባለው ኮሜዲያን ሞተ፤ ሞርጋንም ክፉኛ ቆሰለ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሲመረምር ሹፌሩ ከ28 ሰዓት በላይ እንዳልተኛ ደረሰበት። ቤቱ ጆርጂያ ነው፤ የሚነሳበት የሥራ ቦታ ደላዌር። ሌሊቱን ሙሉ የግል መኪናውን ነድቶ መጥቶ በቀጥታ ሥራ ገባ። በሕጉ ዓይን ሰዓቱ የጀመረው መጋዘን ሲደርስ ነው፤ አደጋው ሲደርስም ከተፈቀደለት የ14 ሰዓት የሥራ ቀን አልወጣም ነበር። ሹፌሩ በኃላፊነቱ ተጠይቋል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ቦርዱ ግን ኩባንያው ድካምን የሚከታተል ሥርዓት እንዲዘረጋም አሳስቧል። የሥራ ቦታ ከቤት በመቶዎች ማይል በሚርቅበት ሙያ ውስጥ ሰው እንዴት አድሮ እንደመጣ አለመጠየቅ አደጋውን መንገድ ላይ መልቀቅ ነው።

እስካሁን ያልኩት በቸርቻሪው መታወቂያ ስለሚሠሩት ነው። እነሱ ጥቂቶች ናቸው። አሁን ከግቢው አጥር ውጭ ወዳለው ሹፌር እንሂድ።

የምግብ ዕቃ የጫነ ሹፌር ከንጋቱ 11 ሰዓት ቀጠሮ ይዞ መጋዘን ደረሰ እንበል። በር ላይ ያለው ጥበቃ የማኅተሙን ቁጥር ይመዘግባል። ሹፌሩ መስኮት ጋ ሄዶ ወረቀቱን ያስገባል፤ ስልክ ቁጥሩን ይሰጣል፤ «በር ሲለቀቅ እንደውልልሃለን» ይባላል። አንዳንዱ ቦታ መጸዳጃ ቤቱ ለሠራተኛ ብቻ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። በር ሲደርሰው ተሳቢውን አስጠግቶ ያቆማል፤ ግድግዳው ላይ ያለው መብራት ቀይ ይሆናል። ለጫኝና አውራጅ የሚከፈልበትን ኮድ ለኩባንያው ደውሎ ያስልካል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ፎርክሊፍቱ ሲገባ ተሳቢው ስለሚንቀጠቀጥ ልተኛ ቢልም አይተኛም። አረንጓዴው ሲበራ ረፋዱ 5 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ጊዜ ኤሌክትሮኒክ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። በሕጉ ሹፌር ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት ብቻ መንዳት ይችላል፤ ያም ሥራ በጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። በር ላይ የቆመበት 6 ሰዓት ከ14ቱ ላይ ይቀነሳል። ከዲሴምበር 2017 ወዲህ ኤሌክትሮኒክ መዝገቡ አስገዳጅ ስለሆነ እንደ ድሮው በወረቀት ማስተካከል የለም። ስለዚህ ሲለቀቅ ሁለት ምርጫ አለው፤ መጣደፍ ወይም የቀኑን ገቢ መተው።

በተለምዶ የመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓቶች ነፃ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ላለው ክፍያ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀው ለማጓጓዣ ኩባንያው ነው፤ ከኩባንያው ወደ ሹፌሩ የሚወርደው ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ምንም አይወርድም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በ2018 ባወጣው ሪፖርት ይህ በር ላይ መጠበቅ የሌላውን ጭነት በክፍያ የሚያጓጉዙ ሹፌሮችን ገቢ በዓመት ከ1.1 እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር እንደሚቀንስ ገምቷል። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ግኝቱ ነው፤ አማካዩ የቆይታ ጊዜ በ15 ደቂቃ በጨመረ ቁጥር የአደጋው መጠን በ6.2 ከመቶ ከፍ ይላል። የመጋዘን በር መዘግየት ከመንገድ ደኅንነት ጋር ምን አገናኘው ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው።

ቀድሞ መድረስም ችግር ነው። የኒው ዮርኩ ሹፌር ጄሰን ሪቨንበርግ በማርች 2009 ወተት ጭኖ ወደ ሳውዝ ካሮላይና ወረደ። ቀጠሮው ሳይደርስ ስለደረሰ መጋዘኑ አያስገባውም፤ በአካባቢው ሰላማዊ ማቆሚያም አልነበረም። የተዘጋ ነዳጅ ማደያ ውስጥ አቁሞ ሲያርፍ ሰው መጥቶ ተኩሶ ገደለው። የተወሰደበት 7 ዶላር ነው። ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከሐዘኗ ተነስታ ዓመታት ደጅ ጠናች፤ በ2012 ኮንግረስ የመኪና ማቆሚያ ግንባታን የሚደግፍ ሕግ አወጣ፤ የጄሰን ሕግ ይባላል። ማቆሚያው ግን ዛሬም ከመኪናው ብዛት ጋር አይመጣጠንም፤ አመሻሽ ላይ በአውራ ጎዳና መውጫና መግቢያ ዳር ተደርድረው የሚታዩት መኪኖች ቦታ አጥተው ነው። መቶ የመራገፊያ በር ላለው መጋዘን ጥቂት የማደሪያ ቦታና አንድ መጸዳጃ ቤት መጨመር ምን ያህል ይከብዳል? ይህን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ትልቅ ቸርቻሪ ማቅረብ ይገባል፤ ምክንያቱም ሰዓቱን የወሰነው እሱ ነው።

ቸርቻሪው ሰዓትን አጥብቆ መያዝ ሲፈልግ እንደሚችልም አሳይቷል። ዋልማርት በ2017 አቅራቢዎቹ ዕቃውን ሙሉ አድርገው በቀጠሮው ካላደረሱ የዕቃውን ዋጋ 3 ከመቶ እንደሚቀጣቸው ደነገገ። ሌሎችም ተከተሉት። ቅጣቱ በአቅራቢው በኩል አድርጎ ማጓጓዣው ላይ፣ ከዚያም ሹፌሩ ላይ ይወርዳል፤ ዘግይቶ የደረሰ ሹፌር ተጠያቂ ነው። በሰዓቱ ደርሶ ለ5 ሰዓት የቆመው ግን የሚጠይቅለት የለም።

አማዞን ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል። በየመንገዱ የምናየው ሰማያዊ ተሳቢ የእሱ ነው፤ የሚጎትተው መኪናና ሹፌሩ ግን በአብዛኛው የሌላ ኩባንያ ናቸው። ጭነቱ ሪሌይ በተባለው መተግበሪያ ላይ ይወጣል፤ አንስተህ ትሄዳለህ። ወገኖቻችንም በዚህ ሲሠሩ ማየት የተለመደ ነው፤ ተሳቢ መግዛት ስለማይጠይቅ ለመጀመር ይቀላል፤ ተሳቢው ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅም በር ላይ የሚጠፋው ጊዜ ከምግብ መጋዘኑ ያነሰ ነው። ይህን መልካምነቱን መካድ አይገባም። ነገር ግን ዋጋው ሲወርድ የሚወርድብህ አንተ ላይ ነው፤ ዘግይተህ ከደረስክ ወይም የያዝከውን ከተውክ ነጥብህ ይቀንሳል፤ ነጥብህ ከቀነሰ ጭነት ታጣለህ። የጤና መድን፣ ጡረታ፣ የሕመም ፈቃድ የሚባል በዚያ መተግበሪያ ላይ የለም። ቤት ለቤት የሚያደርሱት የቫን ሹፌሮችም የተቀጠሩት በአማዞን ሳይሆን በትናንሽ ተቋራጮች ነው። በማርች 2021 ኩባንያው ሠራተኞች በጠርሙስ ይሸናሉ መባሉን በትዊተር ካስተባበለ በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር ሹፌሮች መጸዳጃ ለማግኘት እንደሚቸገሩ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል።

ስለ ባለ መኪናው ሐበሻ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «በሳምንት 7 ሺህ ዶላር ገባልኝ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የሚነግራችሁ ጠቅላላውን ነው። ከዚያ ላይ ናፍጣ፣ ኢንሹራንስ፣ የመኪናው ወርሃዊ ክፍያ፣ ጎማ፣ ጥገና፣ ጭነት የሚፈልገው ዲስፓቸርና ደረሰኙን ገዝቶ ገንዘቡን ቀድሞ የሚሰጠው የፋክቶሪንግ ድርጅት ድርሻ ይነሳል። የተረፈውን ከሠራበት ሰዓት ጋር ስታካፍሉት ከተቀጣሪው የዋልማርት ሹፌር የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ በ2021 ነበር። ያኔ የጭነት ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ያገለገለ መኪና ዋጋም አብሮ ወጣ። በ2022 አጋማሽ ዋጋው ተንሸራተተ። በውድ ዋጋ መኪና የገዛው ሰው ዕዳው ባለበት ቆሞ ገቢው ወረደበት። በ2023 የጭነት አገናኙ ኮንቮይ ተዘጋ፤ ወደ 30 ሺህ ሠራተኛ የነበረው ዬሎው የሚባለው አንጋፋ ኩባንያም ከሰረ። የግለሰቡ መኪና ሲቆም ግን ዜና አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው ከኩባንያው መኪና ተከራይቶ ለዚያው ኩባንያ እየሠራ «ባለቤት ትሆናለህ» የሚባልበት ውል ነው። ጭነት ካልሰጡህ ኪራዩን መክፈል አትችልም፤ ኪራዩን ካልከፈልክ መኪናው ይወሰዳል፤ የከፈልከው ሁሉ ቀረ። የፌዴራል መንግሥት ያቋቋመው የጥናት ቡድን በጃንዋሪ 2025 እንዲህ ያለው ውል ፈጽሞ እንዲከለከል ለኮንግረስ ሐሳብ አቅርቧል። ወጣት ዘመድ ካላችሁ ከመፈረሙ በፊት ንገሩት።

በአውሮፓ ሕጉ የተሻለ ነው። ሹፌር በቀን በተለምዶ 9 ሰዓት ነው የሚነዳው፤ በየ4 ሰዓት ተኩሉ 45 ደቂቃ ያርፋል፤ ሙሉውን የ45 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍት በመኪናው ውስጥ ማሳለፍ ክልክል ነው። ሕጉ ግን እንደሚያስፈጽመው ሰው ነው። ቢቢሲ በ2017 የአይኪያን ዕቃ የሚያመላልሱ፣ በምሥራቅ አውሮፓ ተቋራጮች የተቀጠሩ ሹፌሮች ለወራት በመኪናቸው ውስጥ እየኖሩ እንደሚሠሩ ዘግቧል። በ2023 ደግሞ ለአንድ የፖላንድ ኩባንያ የሚሠሩ የጆርጂያና የኡዝቤኪስታን ሹፌሮች በጀርመን ግሬፈንሃውዘን ማቆሚያ ላይ መኪኖቻቸውን አቁመው ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ለሳምንታት ጠየቁ፤ አገኙም። በብሪታኒያ ከብሬግዚትና ከኮሮና በኋላ ሹፌር ሲጠፋ ቴስኮ በጁላይ 2021 አዲስ ለሚገባ ሹፌር 1,000 ፓውንድ ጉርሻ አቀረበ። መደርደሪያ ባዶ ሲሆን ገንዘብ ይገኛል።

በአሜሪካ መፍትሔ ተብለው የተነሱት መንገዶች ሁለት አቅጣጫ አላቸው። አንዱ ማኅበር ነው። እንደ ክሮገርና ሴፍዌይ ያሉ የምግብ ቸርቻሪዎች ሹፌሮች በብዙ አካባቢ የቲምስተርስ አባላት ናቸው፤ በሰዓት ይከፈላሉ፤ የትርፍ ሰዓትም በውላቸው አለ። በሰዓት የሚከፈል ሹፌር ያለበት መጋዘን በር ላይ አያስቀምጠውም፤ ወጪው የራሱ ስለሆነ። የዋልማርት ሹፌሮች ማኅበር የላቸውም። ሌላው ሕግ ነው። የ1938ቱን የትርፍ ሰዓት ክልከላ የሚያነሳ ረቂቅ በ2022ና በ2023 ለኮንግረስ ቀርቦ ሳያልፍ ቀርቷል። በዚህ መካከል መንግሥት የተጠመደው በሌላ ነገር ነው፤ ከጁን 2025 ጀምሮ እንግሊዝኛ በበቂ ደረጃ የማይችል ሹፌር ተቆጣጣሪ ሲያስቆመው ከመንገድ እንዲታገድ ተደርጓል። ምልክት ማንበብ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥጥር የሚያርፈው በዝቅተኛው ክፍያ በሚሠራው ስደተኛ ላይ ነው፤ የሚጠብቅበትን ሰዓት በአንዲት ደቂቃ አያሳጥርለትም።

ቸርቻሪዎቹ ሹፌር በር ላይ የሚጠብቅበትን ጊዜ ልክ ለማወቅ አዲስ ጥናት አያስፈልጋቸውም። መኪናው በር የገባበት፣ መራገፊያው የተሰጠበት፣ የወጣበት ሰዓት በየመጋዘኑ ኮምፒዩተር ተመዝግቦ ይገኛል፤ የዘገየውን አቅራቢ ለመቅጣት የሚጠቀሙበትም ይኸው መዝገብ ነው። በዚያው መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ከቀጠሮው ሰዓት አንስቶ ለሚቆም እያንዳንዱ ሰዓት ቸርቻሪው እንዲከፍል፣ ክፍያውም በማጓጓዣ ኩባንያው በኩል ሳይቀር ለሹፌሩ እንዲደርስ በግዢ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይችላሉ። ሁለት ሰዓት ነፃ የሚለው ልማድ የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ አንድ ትልቅ ገዢ ሲተወው ሌላውም ይተወዋል፤ በ2017 ቅጣቱን እንደተከተለው ሁሉ።